«ጨዋ ነው» የምንለው ዝምተኛ ልጅና የክረምቱ ዕረፍት

የሰኔ ወር ሲፈጸም የትምህርት ቤቱ ደወል ዝም ይላል፤ ደብተሩ ወደ ሣጥን ይገባል፤ ሰማዩም ይጠቁራል። ከዚያ ወዲያ መስከረም እስኪጠባ ድረስ የልጆች ውሎ በቤትና በሠፈር ነው። ከእነርሱም አብዛኞቹ ዝናሙ ጋብ ባለ ቍጥር ወደ ደጅ እየወጡ በጨዋታና በሣቅ ይውላሉ። ነገር ግን ሌሎች ሲጫወቱ በበሩ ሥር ቆሞ የሚመለከት፣ «ና፣ አብረን እንጫወት» ሲሉት ደግሞ ወደ ቤት የሚሸሽ ልጅ በየሠፈሩ አይታጣም። የዚህ ወር ትምህርታችን ስለዚያ ልጅ ነው።

«የጤና መሥሪያ ቤት ስለ ልጆች ጨዋታና ስለ ጓደኝነት ምን አገባው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. የጸናው የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ ደንብ ጤናን ሲተረጕም፣ ከደዌ ነጻ መሆን ብቻውን ጤና አይባልም፤ ጤና ማለት በአካል፣ በአእምሮና ከሰው ጋራ በመኖር ፍጹም ደኅና መሆን ነው ይላል። እንግዲህ ገላው የታጠበ፣ ሆዱም የጠገበ፣ ነገር ግን አብሮት የሚጫወት አንድ ጓደኛ የሌለው ልጅ ከጤናው አንዱ ክፍል ጐድሎበታል ማለት ነው።

1ኛ. ጨዋነትና ፍርሃት የተለያዩ ስለ መሆናቸው

በአገራችን ልጅ በታላላቆቹ ፊት ዝም ሲል፣ ዓይኑንም ወደ መሬት ሲጥል «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ተብሎ ይመሰገናል። ታላቅን ማክበር መልካም ልማድ ስለ ሆነ እኛም አንነቅፈውም። ዳሩ ግን አንዱ ዝምታ ከአክብሮት ሲመጣ፣ ሌላው ዝምታ ከፍርሃት ይመጣል፤ ሁለቱም ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ።

የሚለዩበት ምልክት ይህ ነው። በአክብሮት ዝም የሚል ልጅ ታላላቆቹ ዘወር ሲሉ ከእኩዮቹ ጋራ ይሥቃል፣ ይከራከራል፣ ይሮጣል። በፍርሃት ዝም የሚል ልጅ ግን ከእኩዮቹም ዘንድ ዝም ይላል። መልሱን እያወቀ እጁን አያነሣም፤ ስሙ ሲጠራ ላብ ያጠምቀዋል፤ ወደ ሰው ፊት መቅረብ ባለበት ቀን ጧት ጧት ሆዱን ያመዋል። ሕመሙም የማስመሰል አይደለም፤ ፍርሃት በእርግጥ ሆድን ያውካል።

ብዙ ተማሪዎችን በአንድ ክፍል የሚያስተምር መምህር፣ የሚያስቸግሩትን ሲያርም የማያስቸግረውን ልጅ ሳያየው ዓመቱ ያልፋል። ወላጆችም «ልጃችን ከቤት አይወጣም፤ ከማንም አይጣላ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ስለዚህ ይህ ልጅ በሁሉም ዘንድ እየተመሰገነ ብቻውን ይቀራል። ይህንን ትምህርት እንድንጽፍ ያነሣሣን ከሁሉ ይልቅ ይህ ነገር ነው፤ የምናመሰግነው ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ልንረዳው የሚገባ ጭንቀት ነውና።

ደግሞም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከእኩዮቹ የሚሸሽ ልጅ ሁሉ ፈሪ አይደለም፤ አንዳንዱ የማይሰማ ወይም አጥርቶ የማያይ ሊሆን ይችላል። ጆሮው መግል የሚያወጣ ልጅ የጓደኞቹን ቃል እኩል ሳይሰማ ስለሚቀር «ደደብ ነው» ይባላል። ሩቅ ማየት የማይችልም ልጅ የተወረወረለትን ኳስ ስለማይቀልብ ከጨዋታው ይባረራል። ስለዚህ ወላጅም ሆነ መምህር አስቀድሞ ከልጁ በስተኋላ ቆሞ በዝግታ ስሙን ይጥራው፤ በሩቅ የተጻፈ ቃልም እንዲያነብ ያድርገው። የተጠራጠረ እንደ ሆነ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። ንግግር የሚያስቸግረውም ልጅ ቢኖር በመንተባተቡ ሊሣቅበት አይገባም፤ ጀምሮ እስኪጨርስ በትዕግሥት ሊሰሙት ይገባል።

2ኛ. ልጅ በራሱ መተማመንን ከምን እንደሚያገኝ

ብዙ ሰዎች ፈሪን ልጅ «አትፍራ! አይዞህ!» በማለት ብቻ ደፋር የሚያደርጉት ይመስላቸዋል። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው «ይህን ነገር እችላለሁ» የሚለውን እምነት ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ አስረድቷል። እነርሱም የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. ራሱ ሠርቶ ማየቱ። ከአራቱ ይልቅ ብርቱው ይህ ነው። አንዲት ሕፃን ችግኝ ተክላ ስትጸድቅላት ካየች፣ የማንም ምስጋና የማይሰጣትን እምነት ከችግኟ ታገኛለች።

ለ. እርሱን የሚመስል ሲሠራ ማየቱ። የ9 ዓመት ልጅ ኀይለኛውን ጐረምሳ ቢያይ «እርሱማ ትልቅ ነው» ይላል። እንደ እርሱ ዓይነ አፋር የነበረ እኩያው ሲናገር ቢሰማ ግን «እኔም እችል ይሆናል» ብሎ ያስባል።

ሐ. የሚያምነው ሰው የሚነግረው ቃል። ምስጋናም ሆነ ማበረታቻ የሚጠቅመው እውነተኛ ሲሆን ነው። «ከሁሉ አንደኛ ነህ» ከማለት ይልቅ «ትናንት ሁለት መስመር አነበብህ፤ ዛሬ አምስት አነበብህ» ማለት ይሻላል፤ ልጁ ራሱ ቈጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላልና።

መ. የሰውነቱ ሁኔታ። ልቡ ሲመታና እጁ ሲንቀጠቀጥ ልጅ «አልቻልሁም ማለት ነው» ብሎ ይተረጕመዋል። የልብ መምታት ለማንም የሚደርስ፣ ጥቂት ቆይቶም የሚያልፍ መሆኑን ብናስረዳው ግን ፍርሃቱን መፍራት ይተዋል። እንቅልፍ ያጣና የራበው ልጅ ደግሞ ከሌላው ቀድሞ ይደነግጣል።

ከእነዚህ ምንጮች የምንማረው ልጅን በደረጃ ማውጣት እንደሚገባ ነው። አባቶቻችን ይህን ጥበብ ሳይጽፉት ያውቁት ነበር። ነሐሴ 13 ቀን በሚውለው በቡሄ በዓል የሚዞሩትን ልጆች እንመልከት። አንዱ አውራጅ ይሆናል፤ የቀሩት ይቀበላሉ። አዲስ የመጣው ትንሽ ልጅ ድምፁ በብዙዎች ድምፅ ውስጥ ተሸፍኖ በመቀበል ይጀምራል፤ ቢሳሳትም የሚሰማበት የለም። ዜማውን ካወቀ በኋላ ከተቀባዮቹ መካከል ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ በአንዱ ዓመትም እርሱ ራሱ አውራጅ ይሆናል። ዓይነ አፋሩን ልጅ በመጀመሪያው ቀን በሰው ሁሉ ፊት አቁመን «ተናገር!» ስንለው ግን ሳይቀበል አውርድ ማለታችን ነው። ልጁም ያፍራል፤ ሁለተኛም አይመለስም።

3ኛ. ወዳጅነት እንዴት እንደሚወለድ

ልጆችን በአንድ ግቢ መሰብሰብ ብቻውን ወዳጅ አያደርጋቸውም። ለዚህም ከውጭ አገር አንድ ታሪክ እናመጣለን። በአሜሪካ አገር በኦክላሆማ ግዛት፣ ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ በቱርክ የተወለደ ሊቅና ረዳቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. ዕድሜያቸው 11 ዓመት ገደማ የሆነ 22 ወንዶች ልጆችን ወደ አንድ የበጋ ሠፈር ወሰዱ። ልጆቹንም በሁለት ክፍል ለዩአቸው። አንዱ ክፍል ራሱን «ንስሮች»፣ ሁለተኛው በአንድ መርዛም እባብ ስም ሰየመ። ከዚያም ሽልማት ያለበት ውድድር በመካከላቸው ተደረገ። ጥቂት ቀን ሳይቈይ ስድብ ተጀመረ፤ ሰንደቃቸውን ተቃጠሉ፤ አንዱ የሌላውን መኝታ ቤት ዘረፈ።

መሪዎቹ እንዲታረቁ ብለው ሁለቱን ክፍሎች በአንድ አዳራሽ ቢያበሏቸው ልጆቹ በምግብ ተወራወሩ። ጠቡን ያበረደው ሌላ ነገር ነው። የሠፈሩ የመጠጥ ውሃ እንዲቋረጥ ተደረገና ሁሉም በአንድነት ቧንቧውን ሲፈትሹ ዋሉ። ደግሞም የምግብ መኪና ቆመ በተባለ ጊዜ፣ አስቀድሞ ለጕተታ ውድድር የተጋጠሙበትን ገመድ በመኪናው ላይ አስረው ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ወገን ሆነው ጐተቱ። ሁሉም የሚፈልገውን፣ ነገር ግን አንዱ ክፍል ብቻውን ሊያደርገው የማይችለውን ሥራ ደጋግመው በአንድነት ከሠሩ በኋላ ጥላቻው ቀለለ፤ ወደ ቤታቸውም ሲመለሱ አብዛኞቹ በአንድ አውቶቡስ ለመሄድ ፈቀዱ።

ይህን ታሪክ ስንናገር ሥራውን ሁሉ እናመሰግናለን ማለት አይደለም። ልጆቹ የሚጠኑ መሆናቸውን አያውቁም ነበር፤ ለጠቡም ምክንያቱን ያዘጋጁት አዋቂዎቹ ናቸው፤ ስለዚህም ዛሬ ብዙ ሰዎች ይነቅፉታል። ሸሪፍ ከአንድ ዓመት አስቀድሞ በ1953 ዓ.ም. ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ ነበር። በዚያ ጊዜ ልጆቹ ከመከፈላቸው አስቀድሞ በአንድነት ሰንብተው ተዋድደው ስለ ነበር አዋቂዎቹ ሊያጣሏቸው ቢሞክሩ አልተሳካላቸውም። ለእኛ ከሁለቱ የሚቀርልን ትምህርት እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ ይዋደዱ፤ በውድድር ፈንታም አብረው የሚሠሩት እውነተኛ ሥራ ይሰጣቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችንም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

4ኛ. የክረምት መርሐ ግብር በሠፈር ስለሚዘጋጅበት ሁኔታ

በዕረፍት ወራት ልጆችን ለጤናቸው ሲባል መሰብሰብ አዲስ ነገር አይደለም። በስዊስ አገር ዋልተር ቢዮን የተባለ ቄስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. 68 ድኾች ልጆችን ከዙሪክ ከተማ አውጥቶ አየሩ ንጹሕ ወደ ሆነው ወደ አፐንዜል ተራራ ወሰዳቸው። ከዚያም በኋላ ልማዱ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ተዘረጋ። እኛ ልጆቻችንን ወደ ሩቅ ተራራ መውሰድ አያስፈልገንም፤ የሚያስፈልገን በየሠፈራችን አለ።

ቦታ። በክረምት ባዶውን የሚቀመጥ የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃል። ዝናም ቢመጣ መጠለያ እንዲሆን እድሮች ለኀዘን ጊዜ የሚያኖሩትን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በትሕትና ቢጠየቁ እንደማይከለክሉ እናምናለን።

ጊዜ። በደጋው አገር የክረምቱ ዝናም ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ተኩል በሳምንት ሦስት ቀን ቢሆን መልካም ነው። ከሐምሌ መካከል እስከ ነሐሴ መጨረሻ ስድስት ሳምንት ይገኛል። አንድ ቀን ብቻ ተሰብስቦ መበተን ለዓይነ አፋር ልጅ አይጠቅመውም፤ እርሱ ሰው የሚለምደው ቀስ ብሎ ነውና።

መሪዎች። መምህራን፣ ለዕረፍት የተመለሱ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡም አዋቂዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ወላጆች የሚያውቋቸውና ጠባያቸው የተመሰከረላቸው ይሁኑ፤ ምንጊዜም ሁለት አዋቂዎች በአንድነት ይገኙ እንጂ አንድ አዋቂ ከልጅ ጋራ ለብቻው ከሰው ዓይን አይሰወር።

አከፋፈል። ለአንድ መሪ ከስምንት እስከ ዐሥር ልጆች ይበቃሉ። ክፍሉ እስከ መጨረሻው አይለወጥ። ሃብታምና ድኻ፣ ወንድና ሴት፣ ክርስቲያንና እስላም፣ የመንግሥት ትምህርት ቤትና የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ተቀላቅሎ ይመደብ። አካሉ የተጐዳ ልጅ ቢኖር ጨዋታው ለእርሱ እንዲስማማ ይለወጥ እንጂ እርሱ ተመልካች ሆኖ አይቀመጥ።

ጨዋታ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያነቃ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞና ኳስ ይህን ይሞላሉ። ዝናም ሲጥል ገበጣና እንቆቅልሽ ይተካሉ። ገበጣ ለዝምተኛ ልጅ እጅግ ይስማማል፤ ሁለት ሆነው የሚጫወቱት ነውና ብዙ ሰው አያስፈራውም፤ ብዙ መናገርም አይጠይቅም፤ በማሰብ ግን ሊያሸንፍበት ይችላል።

ሥራ። ክረምት የተክል ጊዜ ነው። አንድ ችግኝ ለሁለት ልጆች ይሰጥ፤ አንዱ ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ሁለተኛው አፈር ይመልስ። በየሳምንቱም ሁለቱ በአንድነት ይጐብኙት። በግቢው የተኛውን ውሃ የሚያስወጣ ቦይ መጥረግም እንዲሁ የኅብረት ሥራ ነው።

5ኛ. ስለ ንጽሕና ጥንቃቄና ስለ ማስታጠቢያው

ልጆች በክረምት ሲሰበሰቡ ተቅማጥና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ከአንዱ ወደ ሌላው እንዳይተላለፉ መጠንቀቅ ግዴታ ነው። ጐርፍ ምንጭንና ጕድጓድን ስለሚያቆሽሽ የመጠጥ ውሃ ይፈላ። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቈይ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ኩባያ ይያዝ። ለወንዶችና ለሴቶች ልዩ ልዩ የመጸዳጃ ቤት ይኑር። ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ የያዘው ልጅ እስኪሻለው በቤቱ ይቈይ፤ ሲመለስም ጓደኞቹ እንደ ናፈቁት ይንገሩት። የረጠበ ልብስ የለበሰ ልጅ ይለወጥለት።

ከመጸዳጃ ቤት መልስና ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና እየታሸ 20 ሴኮንድ ያህል ይታጠብ። እዚህ ላይ ንጽሕናና ወዳጅነት የሚገናኙበትን አንድ ቀላል ዘዴ እናመለክታለን። ዝምተኛ የሆነች የ9 ዓመት ልጅ በመርሐ ግብሩ መጀመሪያ መጣች እንበል። መሪዋ በሕዝብ ፊት አያቁማት፤ ማስታጠቢያውን ይስጣት። ልጆቹ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ እርሷ ይመጣሉ፤ እርሷም ታፈስሳለች። ምንም ንግግር ሳታዘጋጅ የሁሉን ፊት ታያለች፤ ስማቸውን ትሰማለች፤ «እግዜር ይስጥልኝ» ይሏታል። በሦስተኛው ቀን «ገና ነው፤ ሳሙናው አልለቀቀም» ብላ አንዱን ትመልሰዋለች። ይህች ቃል ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ለእኩያዋ በሙሉ ድምፅ የተናገረቻት የመጀመሪያ ቃል ልትሆን ትችላለች። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ረዳት ትጨመርላት፤ ሁለቱም አስታጣቢዎች የጋራ ጨዋታ ያገኛሉ። ተግባሩ የአገልጋይነት እንዳይመስል ግን ሁሉም ልጆች፣ የሀብታም ልጅም ቢሆን፣ በየተራ ይያዙት።

6ኛ. ለመሪዎችና ለወላጆች የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ

በልጅ ላይ ቅጽል ስም ማውጣት፣ ከወንድሙ ጋራ ማወዳደር፣ በአለንጋ ማስፈራራት የስድስት ሳምንቱን ድካም በአንድ ቀን ያፈርሳል። ወላጅም ልጁን በግቢው በር ጥሎ ከመሄድ ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጥቂት ቆይቶ፣ የሚመለስበትንም ሰዓት ነግሮ ይሂድ፤ በተናገረውም ሰዓት ይገኝ። ማታ ሲመለስ «አንደኛ ወጣህ ወይ?» ብሎ አይጠይቀው፤ «ዛሬ ከማን ጋራ ዋልህ?» ይበለው።

ብዙ ጓደኛ ማብዛትም ግብ አይሁን። ሁሉም ልጅ አውራጅ እንዲሆን አልተፈጠረም፤ በተፈጥሮው ጭምት የሆነ ልጅ ጭምትነቱን ይዞ ደስተኛ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንፈልገው ዝም ሲል ፈርቶ ሳይሆን ወድዶ እንዲሆን ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎለት ፍርሃቱ ያልቀነሰለት፣ እንቅልፍና ምግብ የነሣው፣ ወይም አስቀድሞ ይጫወት የነበረና በድንገት ዝም ያለ ልጅ ቢኖር፣ የደረሰበት ጕዳት እንዳለ በቀስታ ይጠየቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይቅረብ።

የመስከረም ወር ሲጠባ የትምህርት ቤቱ ደወል እንደ ገና ይደወላል። በዚያን ቀን ከየሠፈሩ አንድ ዝምተኛ ልጅ፣ ክረምቱን አብሮት ችግኝ ከተከለው ጓደኛው ጋራ በአንድነት በበሩ ቢገባ፣ የመምህራንና የወላጆች ድካም ዋጋውን አግኝቷል እንላለን።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ከአክብሮት የሚመጣውን ዝምታ ከፍርሃት ከሚመጣው እንዴት እንለየዋለን?
2. ልጅ በራሱ መተማመንን የሚያገኝባቸውን አራት ምንጮች ጥቀስ። ብርቱው የትኛው ነው? ስለ ምን?
3. በኦክላሆማ የተጣሉት ልጆች በአንድ አዳራሽ በመብላት ሳይታረቁ መኪናውን በመጐተት የተቀራረቡት ስለ ምንድን ነው?
4. በደጋ አገር የመጠጥ ውሃ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ስንት ደቂቃ ሊቈይ ይገባል?
5. በሠፈርህ ወይም በክፍልህ ያለውን አንድ ዝምተኛ ልጅ አስብ። በመጀመሪያው ቀን የምትሰጠው ተግባር ምንድን ነው?